ያላመመው ሄልሜት

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ቆጣሪው» እያለ ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነውና ስሙም በዚያው ቀረ። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል እየዞረ በቀን ስልሳ ግቢ ይገባል። በቀን ስልሳ ግቢ የሚገባ ሰው ብቸኛ ነው ቢባል ማን ያምናል? ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ግን የውሃ ቆጣሪ የሚተከለው በር ሥር ነው። ሰውየው ከበር ሁለት እርምጃ አልፎ አያውቅም። ያንኳኳል፤ «ማነው?» ይባላል፤ «ቆጣሪ!» ይላል፤ «ውሻውን ያዙት!» ይባላል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ያነሳል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይወጣል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ጀርባውን ነው። አንዲት ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ግቢዋ የገባውን ሰው፣ መንገድ ላይ ቀና ብሎ ሲሄድ አግኝታው ሳትለየው አልፋለች። እሱ ግን ባለፈው ወር ስንት ውሃ እንደፈጀች በቃሉ ይነግራት ነበር።

ድሮ ቤት ሲገባ እህቱ ትጠብቀው ነበር። ታላቁ ናት፤ «እትዬ» ነው የሚላት። ሁለቱም ሳያገቡ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖሩ። እትዬ ከሬዲዮ ጋር የመጨቃጨቅ አመል ነበራት። ዜና አንባቢው አንድ ነገር ሲል «ውሸትህን ነው!» ትለዋለች፤ የአየር ትንበያውን ሳይቀር ትከራከረው ነበር። ቆጣሪው እየሳቀ ራቱን ይበላል። እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ፣ እሱ አምሳ አንድ እሷ አምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት እትዬ አገባች! ጡረታ የወጣ የባቡር ትኬት ቆራጭ አግብታ ሌላ ከተማ ሄደች። በሠርጓ ቀን ከሰው ሁሉ አብልጦ የጨፈረው ቆጣሪው ነው። በማግሥቱ ማታ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ዜና አንባቢው ያሻውን ተናግሮ ማንም ሳይመልስለት ጨረሰ። ቆጣሪው ደስ ብሎት ነበር፤ ተናዶም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የምታስብ ከሆነ ቀደም ብላ ብትነግረው እኮ እሱም አንድ ነገር ያስብ ነበር።

ታዲያ ከዕለታት በአንዱ አንድ ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ሲያባርረው ሞተሩ እጀታ ላይ የሰቀለው ሄልሜት የድንጋይ ደረጃ ላይ ወድቆ ተፈጠፈጠ። ስንጥቅ እንኳ አይታይበትም። የመሥሪያ ቤቱ የደህንነት ኃላፊ ግን ወሬውን ሲሰማ ሄልሜቱን ተቀብሎ ዕቃ ቤት ወረወረው።

«አንዴ ድንጋይ የመታ ሄልሜት ባልዲ ነው» አለው። «ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንህም። ይኸው ደብዳቤ፤ ውል ያለን ሱቅ ሄደህ ሌላ ምረጥ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። ከወለል እስከ ጣሪያ ሄልሜት የተደረደረበት ሱቅ ነው። የምትሸጠው ሴት አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ድሮ ባርኔጣ ትሰፋ ነበር አሉ፤ ደንበኞቿ «ለኪዋ» ይሏታል።

«ምን ዓይነት ይፈልጋሉ ጋሼ?»

«ጥቁር» አለ ቆጣሪው።

«ጥቁር ቀለም ነው። ዓይነቱን ነው የጠየቅኩዎት።»

ቆጣሪው አጠገቡ ያለውን አንድ ጥቁር ሄልሜት አንስቶ ራሱ ላይ ደፋው። ሰተት ብሎ ገባለት። «ይኸው ተመቸኝ!» አለ።

«ተመቸኝ ያሉት ሰፍቶዎት ነው» አለችና ከራሱ ላይ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። «ቆይ፣ ቁጭ ይበሉልኝ።»

ሜትሩን ከቅንድቡ ጣት ያህል ከፍ አድርጋ፣ ከጆሮዎቹ በላይ አሳልፋ፣ ከኋላ አበጥ ባለው ቦታ አዞረችው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ቆጣሪው እስትንፋሱን ያዘ። እትዬ ከሄደች ወዲህ፣ ፀጉር አስተካካዩን ትተን፣ ራሱን የነካው ሰው አልነበረም። ይህን ያወቀው ገና አሁን ነው።

«ሃምሳ ስምንት። ራስዎ ረዘም ያለ ነው፤ ለክብ ራስ የተሠራ ግንባርዎን ይበላዎታል።»

«የአባቴ ራስ ነው።»

«ሳይቀነስ ነው የወረሱት» ብላ ሳቀች።

አገጭ ድረስ የሚሸፍን አንድ ግራጫ ሄልሜት አወረደችለት። ማሰሪያውን ግራና ቀኝ ወጥራ አጠለቀችለት። ጉንጮቹ ወደ አፉ ተሰበሰቡ፤ ሲናገር አፉ ውስጥ ዳቦ የጎረሰ ይመስል ነበር።

«ጉንጬን ጨቆነኝ!»

«እሰይ! እንደዚያ ነው የሚፈለገው። ስፖንጁ በወሩ ራሱ እሺ ይላል። አሁን ‹እምቢ› ይበሉኝ።»

ሄልሜቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው። ቆጣሪው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሄልሜቱ ፍንክች አላለም፤ የጉንጩ ቆዳ ብቻ ነው የተሳበው። ከዚያ አንገቱን አስደፍታ፣ ከኋላ በኩል ጫፉን ይዛ ወደ ላይ ገፋችው። አልወጣም።

«ይኼን ፈተና ሰው ለራሱ ማድረግ አይችልም» አለች። «ቤት ሄዶ የሚያደርግለት ሰው የሌለው ስንቱ ነው ሰፊ አጥልቆ የሚዞረው።»



የመጨረሻው ነገር ወንበሩ ነበር። ሄልሜት እውነቱን የሚናገረው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው ባይ ናት ለኪዋ። መስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር አላት፤ የገዛ ሰው ሁሉ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ግማሽ ሰዓት እዚያ ላይ ሳይቀመጥ አይወጣም። እሷም ደንበኛ ካልመጣባት በርጩማዋን ስባ አጠገቡ ቁጭ ትልና ታወራዋለች። ወሬውም የሥራዋ ክፍል ነው፤ ራሱን የሚያዳምጥ ሰው ሁሉም ቦታ ያመዋል፤ ረስቶት ሳለ ካመመው ግን በእውነት አሞታል ትላለች።

ሰው ሄልሜት ውስጥ ሲሆን ፊቱ አይታይም፤ ድምፁም ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ለዚህም ይሆን ለሌላ፣ ያ ከበር ሥር አልፎ የማያውቅ ሰው ወሬው እንደ ቧንቧ ተከፈተ። ስለ ውሾቹ ነገራት። ስለ እትዬ ነገራት፤ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ትኬት ቆራጩ።

«እህትዎ ጎበዝ ናት!» ብላ እስክትደክም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ «ታዲያ እርስዎ ራት ከማን ጋር ይበላሉ?» አለችው።

እትዬ ካገባች ወዲህ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ነበር ያለው። ይህን የጠየቀው አልነበረም።

«ከሬዲዮው ጋር» አለ።

በዚህኛው አልሳቀችም። ሰዓቷን አየችና «ግማሽ ሰዓት ሞላ። ያመዎታል?» አለችው።

«የትም አያመኝም።»

«እንግዲያው ጨርሰናል። ካልተመቸዎት በወር ውስጥ እንቀይራለን።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ በአዲሱ ሄልሜት ዞረ። እንከን የሚባል ነገር አልነበረውም። ነፋስ አያስገባም፣ አይንቀጠቀጥም፣ መስታወቱ አይደበዝዝም። ችግሩ ታዲያ ይኸው ነበር። እንከን የሌለው ዕቃ የገዛ ሰው በምን ምክንያት ወደ ሱቁ ይመለሳል? ቆጣሪው ሐሙስ ዕለት አንድ ግቢ ውስጥ ክዳን አንስቶ ቁጥሩን ማንበብ ረስቶ ቆመ። «ምነው፣ ፈሰሰ እንዴ?» አለችው የቤቱ ሠራተኛ። «ኧረ አልፈሰሰም» አለ። ሲያስብ የነበረው «በወር ውስጥ እንቀይራለን» የሚለውን ነው።

ቅዳሜ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሄደ።

«ያመኛል» አለ፣ ገና ከበሩ።

ለኪዋ ፊቷ ተለወጠ። «የት ላይ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ አላሰበበትም ነበር። ግንባሬን ቢል ምልክቱን ትፈልጋለች። «ጉንጬን» አለ። ጉንጭ ምልክት አይዝም።

«ጉንጭዎን? ትንሽ መጫኑ እኮ ደግ ነው። በጣም ነው?»

«በጣም። ቀኑን ሙሉ።»

ሄልሜቱን ተቀብላ ገለበጠችው፤ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የጉንጩን ወፍራም ስፖንጅ ነቅላ ቀጠን ያለ ሰካችበት። «እርስዎ እንደሚሉት ይሁን፤ የራስዎን ሕመም ከእርስዎ በላይ አላውቅም» አለች። ወንበሩን አቀረበችለት። ግማሽ ሰዓት አወሩ። በዚያ ቀን የራሷንም ነገረችው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት ልጅ አለቻት። «አንድ ቤት ነን፤ የምንገናኘው ግን ቻርጀር ስንፈላለግ ነው» አለችው። ቆጣሪው ሄልሜቱ ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያመመው ከጆሮው በላይ ነበር። እሷም የዙሪያውን ሽፋን በቀጭን ለወጠችለት፤ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ነበረ፤ የጠረጠረችው ግን የገዛ እጇን ነው። «እንዴት ሳትኩ?» እያለች ደጋግማ ለካችው። ሃምሳ ስምንት። ቆጣሪው ጣቶቿ ከጆሮው በላይ ሲያልፉ ዓይኑን ጨፈነ። ጥፋት እንደሆነ ያውቃል። ግማሽ ሰዓት በሳምንት ግን ምን ይጎዳል ብሎ ራሱን አባበለ። በዚያ ቀን ደንበኛ ስለበዛባት ከኋላ ገፍታ ሳትፈትነው፣ እያወራችው ብቻ ሸኘችው።

ሄልሜቱ አሁን ሰተት ብሎ የሚገባ ሆነ። ነፋስ ሲመጣ ይነሳል፤ ጉድጓድ ሲያልፍ አፍንጫው ላይ ይወርዳል። ቆጣሪው በአንድ እጁ ወደ ላይ እየገፋው መንዳት ለመደ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ጠጠር በበዛበት መንገድ ሲወርድ አንድ ውሻ ከአጥር ሥር ተወርውሮ ፊቱ ገባ። ፍሬኑን ያዘ። ሄልሜቱ ወደ ፊት ተንሸራተተና ዓይኑ ላይ ተደፋበት። ዓለም ጨለመበት። በጭፍኑ መሪውን ያዞረው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ነበር፤ ትከሻው መሬት ሲመታ፣ የሄልሜቱ ጠርዝ የአፍንጫውን ቆዳ ላጠው። ራሱ መሬት አልነካም። ቦዩ ውስጥ እንደተቀመጠ ሄልሜቱን ከዓይኑ ላይ አነሳ፤ ከማዶ ገመድ ላይ የተሰጡ ልብሶች፣ የተዘጉ በሮች አየ። በነዚያ በሮች ሁሉ ገብቷል። ማንም አልወጣም። ያ ውሻ ብቻ መጥቶ ጫማውን አሸተተው።

ቅዳሜ አፍንጫው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ሲገባ ለኪዋ አንድ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። አየችው። ደንበኛውን «ይቅርታ» ብላ ትታ መጣች።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ውሻ ነው።»

«ነክሶዎት ነው?»

«ኧረ… ሄልሜቱ ዓይኔ ላይ ወረደና…»

«ያጥልቁት» አለችው። አጠለቀ። ማሰሪያውን ራሷ አጠበቀችለት፣ አንገቱን አስደፋችው፣ ከኋላ ገፋችው። ሄልሜቱ ማሰሪያው እንደታሰረ ተገልብጦ እጇ ላይ ቀረ። ደንበኛው እንኳ «ወይኔ!» አለ።

ለኪዋ ሄልሜቱን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ያ የደንበኞቹ ወንበር ላይ።

«እኔ ነኝ» አለች። «የሰው ነፍስ በእጄ ልትጠፋ ነበር። መጀመሪያ ስለካዎት ልክ ነው ብዬ እምል ነበር። ጉንጬን አመመኝ ሲሉኝ ደነገጥኩ፤ ጆሮዬን ሲሉኝ ደግሞ እጄን ተጠራጠርኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የለካሁት ሰው ሁሉ ልክ አልመስል ብሎኛል።» ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «ለባለሱቁ እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው ይቅጠር። እኔ ከዛሬ ወዲያ የሰው ራስ አልለካም።»

ቆጣሪው የሚጠቀለለውን ሜትር እያየ ቆመ። ዝም ቢል ይችላል። ዝም ቢል የተጎዳው ሰው እሱ ነው፤ ታዝንለታለች፣ ምናልባትም «እንዴት ሆነልዎት?» እያለች ትደውልለታለች። ይህ ሁሉ በአንድ አፍታ በልቡ አልፏል፤ አላለፈም ብለን አንዋሽለትም። ሜትሩ ተጠቅልሎ ሊያልቅ አንድ ስንዝር ቀረው።

«አላመመኝም ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ጉንጬም። ጆሮዬም። የመጀመሪያው ልክ ነበር። የትም አላመመኝም።»

ቀና ብላ አየችው። ዛሬ ሄልሜት የለም፤ ፊቱ ባዶውን ነው። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ሲቀላ ተሰማው።

«ታዲያ ለምን?»

ብዙ ነገር ሊላት ፈለገ። አፉ ላይ የመጣለት ግን «ወንበሩን ፈልጌ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

«ወንበሩን?»

«ግማሽ ሰዓቱን።»

ደንበኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ለኪዋ ከወንበሩ ተነሳች። የተጠቀለለውን ሜትር ፈታችና አንገቷ ላይ መልሳ ጣለችው። ቆጣሪው ይህን ሲያይ እፎይ አለ፤ ቀጥሎ የሚመጣበትን ሳያውቅ።

መሳቢያ ከፍታ ወፍራሞቹን ስፖንጆች አወጣች። አንድ በአንድ ሰካች፤ እያንዳንዱ ቀጭ ሲል ይሰማ ነበር። አጠለቀችለት። «እምቢ ይበሉ» አለች፤ ነቀነቀ። ከኋላ ገፋችው፤ በኃይል ገፋችው፤ አልወጣም። ከዚያ በእጇ ወንበሩን አሳየችው። ተቀመጠ።

በርጩማዋን አልሳበችም። ጀርባዋን ሰጥታው ከመደርደሪያው ሄልሜት እያወረደች አቧራቸውን ትወለውላለች። ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ጊዜ «ልጅሽ እንዴት ናት?» አለ፤ «ደህና ናት» አለችው ሳትዞር። ስፖንጁ ጆሮውን ደፍኖታልና የምትወለውልበት ጨርቅ ድምፅ እንኳ አይሰማውም፤ የራሱን እስትንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። በዚህ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ይህን ያህል ይረዝማል ብሎ አስቦ አያውቅም።

መጣች። «ያመዎታል?»

«አያመኝም።»

«እውነት?»

«እውነት።»

አንስታ ሰጠችው። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፅዋ ያዘው።

«እዚህ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች። ቁጣዋ ወጥቶላታል፤ ድካም ብቻ ነበር የቀራት። «የገዛ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ሊያማርር ነው። ጠበበኝ፣ ሰፋኝ፣ ቀለሙ ለቀቀ። አንድም ሰው፣ አንድም! ‹ደህና ነው፣ ተመችቶኛል› ሊለኝ ብሎ ያንን በር ከፍቶ ገብቶ አያውቅም። እርስዎ እንደዚያ ብለው ቢመጡ ወንበሩን ሮጬ ነበር የማቀርብልዎት። ግማሽ ሰዓትም አልቆጥርብዎትም ነበር።»

ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ማሰሪያውን አጠበቀ። ዙሪያውን እኩል ያዘው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን። በመስኮቱ ትታየዋለች፤ ያንን ወንበር ወደ ቦታው እየመለሰች ነው። በሩ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ገብቶ «ደህና ነው፣ ተመችቶኛል» ሊላት ይችላል፤ እውነትም ነው። ግን ከእንግዲህ ይህ ቃል ከእሱ አፍ ቢወጣ ማን ያምነዋል?

«ደህና ነው» አለ ሄልሜቱ ውስጥ፣ ለራሱ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።